ሳላነብ የሰጠሁት አስር ከአስር

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ጡረታ ስለወጣሁ ነው እንጂ ተባርሬ አይደለም። አንድ ጊዜ ግን ከመባረር የባሰ ነገር ሊደርስብኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ተኩሱ ጋብ ብሎ ስብሰባው በበረታበት ወቅት፣ እዚሁ ልደታ ነው። መነሻው አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃልና ሁለት ጥቅል ቆሎ ነበር። ቆሎውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ አብነት አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ላጤ ነበርኩ። በሥራ ቀን ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። «ተመደብኩ» የሚለውን ቃል የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም ማለት ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ ሙላቱ ከወዳጅ አገሮች እንግዶች እንደሚመጡ የሆነ ስብሰባ ላይ ሰማና በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር አደረገ። የቀበሌውን የበር ሰሌዳ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጻፈ፤ እኔን መደበ። እንግዶቹ አልመጡም። እኔና ሰሌዳው ግን እዚያው ቀረን።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰነፍ አስተማሪ አልነበርኩም፤ ሰነፍ አራሚ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ላብ እስኪያጠምቀኝ አስተምራለሁ፤ የሚታረም ወረቀት ሲቆለልብኝ ግን እጄ ይዝላል። የመጀመሪያውን መስመር አነብና የእጅ ጽሑፉ ካማረኝ የቀረውን በዓይኔ ሸተት አድርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብዬ አስር ከአስር እሰጣለሁ። ተማሪው ደስ ይለዋል፣ እኔም ቶሎ እተኛለሁ። በዚህ ማን ይጎዳል እል ነበር።

ከቅዳሜ ተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከልደታ ማርያም ጀርባ የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በጽዳት ሠርተዋል። ወገባቸው መጎንበስ እምቢ ሲላቸው ወደ ካርድ ክፍል ለመዛወር አመለከቱ። ካርድ ክፍል ወንበር አለ። ነገር ግን ካርዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተና ማለፍ ነበረባቸው፤ ከፈተናውም በፊት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት ነበረባቸው። በዚያ ጊዜ ያለ ቀበሌ ደብዳቤ መቀበርም ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋ ከአንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ «ፔስኪ» የሚል ቃል አስተማርኩ። ለሚያስቸግር፣ ለሚነዘንዝ፣ ለሚያታክት ነገር የሚባል ቃል ነው። ግን ለማንኛውም የሚያስቸግር ነገር አይባልም፣ አልኳቸው። ነብር ፔስኪ አይባልም፤ ነብር ያስፈራል። ጎርፍም አይባልም፤ ጎርፍ ይወስዳል። ፔስኪ የምትባለው ከምሳችሁ ላይ ስታባርሯት ዞራ የምትመጣዋ ዝንብ ናት። ትንሽ ናት፣ አትገድልም፣ ግን አትተውም። ክፍሉ ወደደው። ወይዘሮ ዘነበች ቃሉን ሦስት ጊዜ ለራሳቸው ደጋግመው አሉት፤ አፍ ላይ ደስ ይላል አሉ።

እኔም የክፍሉ ደስታ ደስ አሰኝቶኝ የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁና ከሰፈራችሁ አስር ፔስኪ ነገሮች ጻፉ አልኩ። «ከመጽሐፋችሁ» ብል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ገጠመኝ ባልኖረኝ ነበር።

በሳምንቱ ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ፣ በዚያው ዕለት በለመድኩት መንገድ አረምኩ፣ ለሁሉም ምልክት አደረግኩ። በዚያ ጊዜ ወረቀት ጠፍቶ ነበር። በልደታ ማርያም በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት መጠቅለያ አጥታ የደብተር ቅጠል ለሚያመጣላት ሰው ቆሎ ትሰጣለች። እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ የታረመውን ክምር ለሷ ሰጠሁና ሁለት ጥቅል ቆሎ ተቀብዬ እየቆረጠምኩ ወደ አብነት ወረድኩ። ተማሪዎቼን ወረቀታችሁን ትፈልጉታላችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ቆሎው ጥሩ ነበር፤ ሱፍ ገብቶበታል።

ቤተክርስቲያን መግባት ለአንድ ንቁ ጓድ አይመከርም ነበር። ከቤተክርስቲያን በር ላይ ቆሎ መግዛት ግን የሚከለክል መመሪያ አልወጣም። ጓድ ሙላቱ ሰኞ ጠዋት ገዝቶ ወደ ቢሮው ገባ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የአብዮት ጥበቃ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከክፍል አወጣኝ። ለምን እንደምፈለግ ስጠይቀው «ከቆሎ ጋር የተያያዘ ነው» አለኝ። መንገዱን ሙሉ የሰረቅሁት ቆሎ እንዳለ ሳስብ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሊቀመንበሩ ነው። ሌላው የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ተሾመ ነው፤ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን እንደ ልጅ ታቅፎ የሚዞር፣ ሰው ሲናገር የሚጽፍ፣ ሰው ሲስቅም የሚጽፍ ቀጭን ሰው። ጠረጴዛው ላይ ቆሎ ተበትኗል። ከመሃሉ በመዳፍ ተዳምጦ የተስተካከለ ግማሽ ወረቀት አለ። ወዲያው አወቅኩት። ስም የለበትም፤ ወይዘሮ ዘነበች ግማሽ ወረቀት ላይ ስለጻፉ ለስም ቦታ አልበቃቸውም። ያቺ ክብ ክብ የምትል ጽሑፍ ግን የሳቸው ናት። በላይዋ ላይ ደግሞ የኔ ቀይ ቀለም አለ።

«ይህ ቀዩ የማን እጅ ነው?» አለኝ ጓድ ሙላቱ።

የኔ መሆኑን ተናገርኩ።

«ምን ይላል?»

«በጣም ጥሩ ይላል።»

«ምኑ ነው በጣም ጥሩ?»

እኔ ደግሞ አላነበብኩትም። እሱም እንግሊዝኛ አይችልም፤ ግን በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ስላየ ይዞት ወደ በሩ ወጥቶ ከአዲሱ ሰሌዳ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይቶታል። ቃሉ «ቀበሌ» ነበር። ተርጉም አለኝ። የራሴን አስር ከአስር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት እዚያ ነው፣ ቆሜ፣ ሁለት ሰው እያየኝ።

የመጀመሪያው ዝንብ ነበረች። ተመስገን አልኩ። ሁለተኛው የጎረቤታቸው አውራ ዶሮ ነው፤ ሰዓት አያውቅም። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ፤ እኔ ወደ ፊት ስሄድ እሱ ወደ ኋላ ይመልሰኛል» ይላል። ሰልፉ ረጅም ስለመሆኑና የሕዝቡን ትዕግሥት ስለማሳየቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ጓድ ሙላቱ ሳይቆጣ፣ ወረቀቱ ከትርጉሙ ጋር ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛ፣ እንደሚላክና እዚያ ውጭ አገር የተማረ ሰው እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ትርጉሜ በአንድ ጊዜ ተሻሻለ።

አራተኛው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነው፤ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሲጀመር አብሮ ይጀምራል። አምስተኛው ስብሰባ፤ ሲጠሩት «አጭር» ይሉታል። ስድስተኛው ሊቀመንበሩ፤ «በመጨረሻም» ካለ በኋላ አንድ ሰዓት ይናገራል። ሰባተኛው የግራ እግር ጫማዬ ይላል። ስምንተኛው ማጨብጨብ፤ እጄን ለመጥረጊያ እፈልገዋለሁ ይላል። ዘጠነኛው «አስተማሪዬ፤ ቀልዱን ሳይናገር አስቀድሞ ይስቃል» ነበር። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ይህ ቅር አሰኘኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ግን እውነት ነው፤ ቅር አለኝ።

ጓድ ተሾመ ብዕሩን አንሥቶ ለመዝገቡ የሚሆን ማብራሪያ ጠየቀ። ይህ ከዝርዝሩ አናት ላይ የተጻፈው ፔስኪ የሚባለው ነገር ከፀረ አብዮት ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

«ያንሳል፣» አልኩ በፍጥነት። «በጣም ያንሳል። ለትንንሽ ነገር ብቻ የሚባል ነው።»

ጓድ ሙላቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ሊቀመንበር ትንሽ ነገር ነው?»

እንደማያንስ ተናገርኩ። ታዲያ ይበልጣል ማለት ነው አለ ጓድ ተሾመ፣ ጻፈም። ከዚያ በኋላ ስለ ቃሉ ክብደት ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከርን። አስተማሪ ሆኜ አንድን ቃል ያን ያህል በጥንቃቄ አስረድቼ አላውቅም። ነብሩንም ጎርፉንም አመጣሁላቸው። ጓድ ሙላቱ ነብር መባሉን የወደደው ይመስለኛል፣ አልሆነለትም እንጂ።

የከፋው ግን ገና ነበር። ቁጥሩ እስከ አስር ይሄዳል፤ የወረቀቱ የታችኛው ጥግ ግን ቆሎ ሻጯ ስትጠቀልል ተቀዶ ከ«አስር» ቀጥሎ ያለው የለም። ጓድ ሙላቱ ዘጠኙን ሰምቶ ያልደነገጠውን ያህል በአስረኛው መጥፋት ደነገጠ። ዋናው እዚያ ያለው ነው አለ። ለዚህ ነው የተቀደደው አለ።

«አስር ከአስር ሰጥተሃል። አስረኛውን ሳታነብ ነው አስር የሰጠኸው?»

እስቲ እናንተ በኔ ቦታ ሁኑ። አላነበብኩም ብል የሕዝብ ተማሪዎችን ሳያነብ የሚያርም አሻጥረኛ ነኝ። አነበብኩ ብል የጠፋውን አስረኛ የማውቅና የምደብቅ ተባባሪ ነኝ። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወስዱት። አንብቤ ነበር፣ ግን ረሳሁት አልኩ። ጓድ ተሾመ «ረስቷል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

ውሳኔው አጭር ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት የነዋሪዎች ስብሰባ ይጠራል። ጽሑፉ በአማርኛ ተነቦ ይወገዛል፤ እኔም በሕዝብ ፊት ተነሥቼ የጻፈውን ሰው ስም እናገራለሁ። ሁሉንም ተማሪ አሰልፎ ማስጻፍና የእጅ ጽሑፉን ማወቅ እንደሚችል፣ ግን እኔው ብናገር ለኔ እንደሚሻለኝ ነገረኝ። ካልተናገርኩ አስሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሐሙስ አዳሬም በቀበሌው እስር ቤት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘነበች ኮሪደሩን እየወለወሉ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ነገርኳቸው፤ ቆሎውን ጭምር። መወልወያውን ይዘው ቆመው ሰሙኝ።

«ስንት ሰጠኸኝ?» አሉኝ።

«አስር ከአስር።»

«ታዲያ ትክክል ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

እየቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ትክክል የሚባል ነገር በሌላ ሚዛን እንደሚታይ ላስረዳቸው ሞከርኩ። የሚያስቡት ግን ሌላ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤያቸው ተጽፎ አልቆ የሊቀመንበሩን ፊርማ እየጠበቀ ነው፤ ፈተናው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ነው። ስማቸው ሐሙስ ከተነሣ ደብዳቤው እዚያው ይቀራል፤ እሳቸውም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ከመወልወያው አይለዩም፣ ያውም ካልታሰሩ። ይህን ሁሉ እሳቸው አልተናገሩም። ወለሉን እያዩ «እንግዲህ የምታደርገውን ታውቃለህ መምህር» ብቻ አሉኝና መወልወላቸውን ቀጠሉ። እኔም አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው። ከልቤ ነበር። እስከ ሰንጋ ተራ በእግሬ ስሄድ እንደ ጀግና ነበር የሚሰማኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ያልመጣ ሰው የሱቅ ራሽኑ ስለሚያዝበት የማይመጣ የለም። ወይዘሮ ዘነበች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። እኔ ከፊት፣ ብቻዬን፣ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ እንድቀመጥ ተደርጓል።

ጓድ ሙላቱ ስለ ጠላት መልክ መለዋወጥ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ። ከዚያ ጓድ ተሾመ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። ሁሉን ነገር የሚያነበው በአንድ ድምፅ ነው፤ የመግለጫም የሞት ማስታወቂያም ድምፁ ያው ነው። ዝንቧን አነበበ፤ ዝም። ዶሮውን አነበበ፤ አንድ ሰው ከኋላ ተንቀሳቀሰ፣ የዶሮው ባለቤት ሳይሆን አይቀርም። ሰልፉ ላይ ሲደርስ ሴቶቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። «ስብሰባ፤ ሲጠሩት አጭር ይሉታል» ሲል አዳራሹ በሙሉ ድንገት ጉንፋን ያዘው፤ ሳሉ በረከተ። ስድስተኛው እንደተነበበ ሊቀመንበሩ ሳሉን ለማስቆም ተነሣና ከልምድ «በመጨረሻም» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሳል አልነበረም፣ ግን ማንም ሳቅ ነው ብሎ መመስከር አይችልም ነበር፤ ሁሉም በነጠላና በኮቱ ክንድ አፉን ሸፍኗል።

ጓድ ተሾመ በዚያው ድምፁ እስከ ዘጠነኛው ድረስ አነበበ፤ የጓድ ሙላቱ ፊት ተለዋወጠ። ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ መምህር! ተነሥና የጻፈውን ሰው ስም ለሰፊው ሕዝብ ተናገር።»

ተነሣሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ያጠናኋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረችኝ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» የምትል። አጭር ናት፣ ተማሪ ብትሰጠኝ አስር ከአስር የምሰጣት። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወይዘሮ...» አልኩ።

ማንም አልነካኝም፣ ማንም አልገረፈኝም። በሩ አጠገብ የቆመውን ጠብመንጃ አየሁና ምላሴ ለራሷ አደላች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወይዘሮ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ። አልለመኑኝም፣ አልተቆጡኝም። የሚመጣውን የሚጠብቅ ሰው እንደሚያይ አዩኝ።

«ቆይ!» አለ ጓድ ሙላቱ።

ሥነ ሥርዓቱ ትዝ ብሎት ነው። በአጀንዳው ላይ ውግዘቱ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። ይህን ካዛባ ቃለ ጉባኤው ይበላሻል። ወደ ጸሐፊው ዞሮ በጽሑፉ ላይ የሕዝቡን አቋም እንዲወስድ አዘዘው። ጓድ ተሾመ ከመዝገቡ ቀና አለና ላለፉት ዓመታት በየሳምንቱ ሲለው የኖረውን አለ።

«አሁን በተነበበው ላይ ድጋፍ ያላችሁ እጅ አውጡ!»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። አንድም የቀረ የለም። ጥበቃው ጠብመንጃውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ አወጣ። የዶሮው ባለቤት አወጣ። ወይዘሮ ዘነበች አወጡ። እኔም ቆሜ እጄን አውጥቼ ራሴን አገኘሁት። ከሁሉ አስቀድሞ የወጣው ደግሞ የጓድ ሙላቱ እጅ ነበር፤ ሁልጊዜም ለአርአያነት ቀድሞ የሚያወጣው እሱ ነው።

«ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፣» አለ ጓድ ተሾመ፣ እየጻፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጓድ ሙላቱ እጁን እንዳንጠለጠለ ነገሩ ገባው። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ከበሩ በኩል ሱቁ ሳሙና እንደገባለት ተሰማ። ሳሙና ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ሊቀመንበሩ ቢናገር የሚሰማው ባዶ አግዳሚ ብቻ ነበር። ሦስት ሰዎች ቀረን።

«ምንድን ነው ያጸደቅነው?» አለ ቀስ ብሎ።

ጓድ ተሾመ አነበበለት። የቀበሌው ነዋሪዎች የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ስብሰባው፣ የሊቀመንበሩ ንግግርና ሌሎችም አስቸጋሪ መሆናቸውን፣ ሊቀመንበሩም ባሉበት፣ በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል። ጓድ ሙላቱ ሰርዘው አለው። ጸሐፊው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ቃለ ጉባኤ ከፍተኛ አይቀበልም፤ ባለፈው በአንዲት ሰረዝ መልሰውብናል። ገጹን መቅደድም አይቻልም፣ መዝገቡ ቁጥር አለው። ነገ ጠዋት ደግሞ የመላኪያው ቀን ነው።

እኔን ቢያስሩኝ የሚያስሩት ራሳቸው በሙሉ ድምፅ በደገፉት ጽሑፍ ነው። ጓድ ሙላቱ ይህን ሲያሰላ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በመጨረሻ ፈረመ፤ ሲፈርም ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር። ማኅተሙን ጓድ ተሾመ ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት መታው። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሳያየኝ «ሂድ» አለኝ።

አስር ቀን አልተኛሁም። በአስራ አንደኛው ቀን ከከፍተኛ ደብዳቤ መጣ። ከቀበሌው ቢሮ መስኮት ሥር ተሰብስበን ሲነበብ ሰማነው። ቀበሌያችን በሂስና ግለ ሂስ ረገድ ላሳየው ግልጽነት ይመሰገናል፤ ለሌሎች ቀበሌዎችም አርአያ ነው፤ ዘጠኙም ነጥቦች በሥራ እንዲተረጎሙ ይሁን። ፈራሚው አንድም መስመር እንዳላነበበ አሁን እርግጠኛ ነኝ። ያነበበ ሰው ከሰባተኛው ነጥብ ላይ ይቆም ነበር።

በሥራ ተተረጎሙ። የዝንብ ዘመቻ ታወጀና በየቤቱ አንድ ሰው ተመደበ። አውራ ዶሮው ለፋሲካ ሳይደርስ ቀረ። ድምፅ ማጉያው እሁድ እሁድ እስከ አራት ሰዓት ዝም እንዲል ተደረገ፤ ቄሶቹ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መቀደስ ጀመሩ። ለኔም በቁጥርና በቀን የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቀልድ ከመናገሬ በፊት ከመሳቅ እንድቆጠብ ያሳስባል። እስካሁን አለኝ። የስብሰባው ነጥብ ብቻ አልተሳካም፤ ስለ አፈጻጸሙ ለመወያየት በየሳምንቱ ስብሰባ ያስፈልግ ነበር።

በዚያ ግርግር ውስጥ የወይዘሮ ዘነበች የድጋፍ ደብዳቤ ከሌሎች ሃያ ደብዳቤዎች ጋር ተፈረመ። ፈተናውንም አለፉ።

እኔ ግን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ቅዳሜ ሲመጡ ዓይኔን ሰሌዳው ላይ ተክዬ አስተምራለሁ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ልቤን አስጨክኜ ሆስፒታሉ ሄድኩ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበውበታል።

«ያን ቀን ስምዎን ልጠራ ነበር፣» አልኳቸው። «ያዳነዎት የጓድ ተሾመ ስህተት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ሰምቼሃለሁ፣» አሉኝ። «ወይዘሮ ድረስ መጥተህ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከፊታቸው ያለውን ካርድ ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ አንብበው ጨርሰው ወደ ቦታው መለሱት። እሳቸውም በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ እንደማያውቁ፣ ስለዚህ እንደማይፈርዱብኝ ነገሩኝ። ቆሎው ግን እንዳናደዳቸው አልሸሸጉም። ያንን ወረቀት ሦስት ምሽት ነበር የጻፉት፤ እየሰረዙ እየደለዙ፣ ከዚያ በንጹሕ ገልብጠው። በመኝታቸው ራስጌ ሊያኖሩት ነበር።

ልሰናበት ስል ያ ሁሉ ሰው የፈራው ነገር ትዝ አለኝ።

«አስረኛው ምን ነበር?»

ቀና ብለው በመስኮቱ አዩኝ። «ሳያነብ ልክ ነው የሚል ሰው፣» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ገጠመኝ ምን አስተማረኝ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ያን ጊዜ ሰው የሚጠፋው ሳይነበብ በተፈረመ ወረቀት ነበር። እኔና ወይዘሮ ዘነበች የተረፍነውም በዚያው ነው። ጓድ ተሾመ ሳያስብ ጠየቀ፣ እኛ ሳናስብ እጅ አወጣን፣ ሊቀመንበሩ ሳያይ ፈረመ፣ ከፍተኛው ሳያነብ አመሰገነ። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ግን ከሊቀመንበሩ አልነበረም፤ ከኔ ቀይ እስክሪብቶ ነው። በእነሱ ስስቅ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ደብዳቤው ሳቁን ቢከለክለኝም። ራሴን ከዝርዝሩ ማውጣት ግን አልቻልኩም፤ በሁለት ቁጥር ነው የገባሁበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላነብ ምልክት ያደረግኩበት ወረቀት የለም። ተማሪዎቼ ተማርረውብኛል፤ ደብተራቸውን በሦስት ሳምንት የምመልስ ሰው ሆንኩ። ባለቤቴ የመብራት ደረሰኙን ከጀርባው ሳይቀር ሳነብ ስታየኝ ያንን የእንግሊዝኛ ቃል ትጠራዋለች፤ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አትሳሳትም። ትንሽ ነኝ፣ አልገድልም፣ ግን አልተውም።

ከዚያ ወዲህ አስር ከአስር የሚገባው ጽሑፍ ብዙ ፈልጌ አላገኘሁም። ዘጠኝ እሰጣለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል እሰጣለሁ፣ አንድ ነገር ይጎድላል። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ በትክክለኛው ሰው ላይ ያረፈ አስር ከአስር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳላነብ ነው የሰጠሁት።